ዳማከሴ፣ ቅርንፉድ፣ ድንገተኛ፦ የዕፅዋት ማስታገሻ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካሉት ጉሊቶች ጠርዝ ላይ፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲሙ ፈንጠር ብለው ማዳበሪያ አንጥፈው የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ማዳበሪያው ላይ እፍኝ እፍኝ የተደረገ ዳማከሴ፣ በክር የታሰረ ጤና አዳም፣ በትንንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ፌጦ፣ የደረቀ ቀበሪቾና ቀጫጭን የድንገተኛ ሥር ይደረደራል። መንገዱን ተሻግሮ ደሞ ፋርማሲ አለ። ሰዉ ሁለቱም ጋ ይቆማል፣ አንዳንዱ እንደውም በአንድ ቀን ከሁለቱም ገዝቶ ነው ቤቱ የሚገባው፣ ለፋርማሲው ስለቅጠሉ አይነግርም፣ ለእናትየዋም ስለክኒኑ አይነግርም።

ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲነሳ ሁሌ ሁለት ወገን ነው። አንዱ «የፋርማሲው ኬሚካል ነው፣ ይሄ ግን የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ይላል። ሌላው «ቅጠል ጨምቆ መጠጣት ምን የሚሉት ኋላ ቀርነት ነው» ይላል። ችግሩ ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ካሉት ማስታገሻዎች አንዳንዶቹ ዘራቸው ሲቆጠር ተክል ጋ ነው የሚደርሰው፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለውም ቢሆን ያው ኬሚካል ነው። ስለዚ «ተፈጥሮ ነው ወይስ ኬሚካል» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። የሚያደርሰው፦ ውስጡ ያለው ምንድነው፣ ስንት ነው፣ ሰውነታችን ውስጥስ የቱ ጋ ሄዶ ነው ሕመሙን የሚያስቆመው? እሱን ነው በቀላሉ ለማስረዳት የምሞክረው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ሕመም ራሱ ምንድነው?

ጣታችሁን በር ሲይዛችሁ ሕመሙ ያለው ጣት ላይ ይመስላል። ጣት ላይ ያለው ግን ጉዳቱ ነው፤ «አመመኝ» የሚለው ስሜት የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው። ከጣት እስከ አንጎል መልእክት መሄድ አለበት፣ መልእክቱ ካልደረሰ ቢቆረጥም አያምም፣ ከወገቡ በታች ተደንዝዞ ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው የማይሰማው ለዛ ነው።

ጉዞውን ከአባዶ አራት ኪሎ እንደሚሄድ ሰው አስቡት። ከአባዶ ታክሲ ይይዛል፣ መገናኛ ይወርዳል፣ እዛ ሌላ ታክሲ ይቀይርና አራት ኪሎ ይገባል። አባዶ የተጎዳው ቦታ ነው። መገናኛ አከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ ነው፣ መልእክቱ ከአንዱ ነርቭ ወርዶ ሌላው ላይ የሚሳፈርበት። አራት ኪሎ አንጎል ነው። (የጥርስና የፊት ሕመም መቀየሪያው አከርካሪ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ብሎ የአንጎል ግንድ ላይ ነው፣ አካሄዱ ግን አንድ ነው።)

አባዶ ላይ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ የተጎዱት ሴሎች ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያመርታሉ። እዚህ ላይ ሥራቸው የነርቩን ጫፍ ማስቆጣት ነው፣ ለዛ ነው እግር ወለም ሲል አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያመው። መንገድ ላይ ደሞ መልእክቱ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ነርቩ ላይ ያሉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ተከፍተው ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ያው ሶዲየም) ወደ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ወደፊት ይገፋል። መገናኛና አራት ኪሎ ላይ ደሞ መልእክቱን የሚያሳልፉም የሚያፍኑም ተቀባዮች አሉ። እንግዲህ ማስታገሻ የምንላቸው ነገሮች የሚለያዩት በዚህ ነው፣ አንዱ አባዶ ላይ ያስቀረዋል፣ አንዱ መንገድ ላይ፣ አንዱ አራት ኪሎ በር ላይ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸው አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ተክሉ ይሄን ሁሉ የሚያመርተው ለኛ ብሎ ነው?

ኧረ በጭራሽ። ተክል ተነስቶ መሮጥ አይችልም፣ በግ መጣ ብሎ አይደበቅም፣ ያለው መከላከያ መምረር፣ ማቃጠልና መመረዝ ነው። በርበሬን ብንወስድ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር እኛንና ሌሎች አጥቢ እንስሳትን ያቃጥላል፣ ወፍን ግን አያቃጥልም። እኛ ፍሬውን በጥርሳችን ፈጭተን እናበላሻለን፣ ወፍ ግን ሳታኝክ ውጣ ሌላ ቦታ ወስዳ ትጥለዋለች። ተክሉ የፈለገው ይሄን ነው። ሕመም የሚያስታግሱት ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ እንዲህ ለሌላ ጉዳይ የተሠሩ ናቸው፣ የኛ ነርቭ ላይ ሲያርፉ ነው መድኃኒት የሚሆኑት፣ መጠኑ ሲያልፍ ደሞ መጀመሪያ የተሠሩበትን ሥራ ይሠራሉ።

አስፕሪን የመጣው ከዛፍ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ መንገዱ ግን ረጅም ነበር። ዛፉ አኻያ ነው፣ እኛም አገር ወንዝ ዳር የሚበቅል የአኻያ ዝርያ አለ። ቅርፊቱን ለትኩሳትና ለቁርጥማት መጠቀም በብዙ አገር የቆየ ነገር ነው። በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ለንደን ላለው የሮያል ሶሳይቲ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ሰውዬው የአኻያ ቅርፊት ቀምሶ ምሬቱ ያኔ ለወባ የሚሰጠውን የሲንኮና ቅርፊት አስታወሰው፣ አድርቆ ፈጭቶ ትኩሳት ለሚመላለስባቸው ወደ 50 ለሚሆኑ ሰዎች ሰጠ፣ እንደረዳቸውም ጻፈ። በ1828 ጀርመናዊው ዮሃን ቡክነር መራራውን ነገር ለብቻው አወጣውና ሳሊሲን አለው። ሳሊሲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይቀየራል፣ ይሄ አሲድ ሕመም ያስታግሳል ግን ሆድ አይምርም፣ ስለዚ በ1897 የባየር ኩባንያ ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን ትንሽ ቀየር አድርጎ ሠራው፣ በ1899 አስፕሪን ተብሎ ለገበያ ወጣ።

እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አያውቅም ነበር! በ1971 ነው ጆን ቬን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት እንደሚያግድ ያሳየው፣ ለዚሁ ሥራ በ1982 ኖቤል ተካፈለ። በኛ ጉዞ አባዶ ላይ ነው ማለት ነው የሚሠራው፣ ነርቩን የሚያስቆጣው ነገር ሲቀንስ መልእክቱ ገና ከመነሻው ይደክማል።

ከቄሱ ደብዳቤ እስከ ቬን ከ200 ዓመት በላይ ነው። ስለዚ «እንዴት እንደሚሠራ አይታወቅም» ማለት «አይሠራም» ማለት አይደለም። ግን ደሞ «ከጥንት ጀምሮ ሰው ተጠቅሞበታል» ማለትም «ይሠራል» ማለት አይደለም፣ አውሮፓ ውስጥ ለስንት መቶ ዓመት ለየበሽታው ሁሉ ደም ሲያፈሱ ኖረው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ብቻ እንደነበረ በኋላ ነው የታወቀው። እድሜ ለመመርመር ምክንያት ይሆናል፣ ማስረጃ ግን አይሆንም።

እግረ መንገዴን፦ ፕሮስታግላንዲን ጨጓራችንን ከራሱ አሲድ የሚጠብቅም ነገር ነው። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲበዙ ጨጓራ የሚያቆስሉት ለዛ ነው፣ ሕመሙን የሚቀንሱበትና ጨጓራውን የሚጎዱበት መንገድ አንድ ነው።

ቅርንፉድ ጥርስ ላይ ሲደረግ ለምንድነው የሚደነዝዘው?

ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም፣ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። አንዷን በሚያመው ጥርስ በኩል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትነክሷት መጀመሪያ ምሬትና ማቃጠል ነው፣ አፍ በምራቅ ይሞላል፣ ዓይንም ሊያስነባ ይችላል፣ ከዛ ቆየት ሲል ድድና ምላስ የናንተ እንዳልሆነ ነገር ይሆናል። ይሄን የሚያደርገው ዩጂኖል የሚባለው ዘይት ነው፣ የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው እሱ ነው። ዩጂኖል ሶዲየሙ የሚገባበትን መተላለፊያ ይዘጋል፣ ማለትም ታክሲው ተነስቶ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። በተጨማሪም የፕሮስታግላንዲኑን ምርት ይቀንሳል፣ ስለዚ ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚሠራው።

ጥርስ ሐኪም ቤት ስትገቡ የሚቀበላችሁ የቅርንፉድ ሽታም አለምክንያት አይደለም። ዩጂኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ተለውሶ ለጊዜያዊ የጥርስ ሙሌት ያገለግላል፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አሠራር ነው። እዚህ ላይ የአያቶቻችን መድኃኒትና የሐኪሙ መድኃኒት አንድ ናቸው።

ግን ሁለት ነገር። አንደኛ በጠርሙስ የሚሸጠው ንጹህ ዘይት ሌላ ነገር ነው፣ ሳይቀጠን ድድ ላይ ሲደረግ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ትንሽ ልጅ ከጠጣው ደሞ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል፣ ስለዚ ልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሁለተኛ ቅርንፉዱ ነርቩን አደነዘዘ እንጂ ጥርሱን የሚበላው ባክቴሪያ ሥራውን አላቆመም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ካስቸገረ ያ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል፣ ቅርንፉድ እየነከሱ የሚጠብቁት አይደለም።

ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ተክል እኛም ጋ እርጥበት ያለበት ቦታ ይበቅላል፣ የምድር በርበሬ ይሉታል፣ ቢጫ ድቡልቡል አበባ ያለው፣ ገጠር ያደገ ሰው ለጥርስና ለጉሮሮ ሲታኘክ ያውቀዋል። ውስጡ ያለው ስፒላንቶል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ምላስን ይነዝርና ያደነዝዛል፣ ምራቅ ደሞ እንደ ጉድ ያመጣል።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የገብስ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ ስዊድን ውስጥ የገብስ ዘር የሚያጠኑ ኬሚስቶች ግራሚን የሚባል ንጥረ ነገር አገኙ። ሆልገር ኤርትማን የሚባል ኬሚስት የሱን ቅርብ ዘመድ ላብ ውስጥ ሠርቶ በምላሱ ሲቀምሰው (ያኔ ኬሚስት ይቀምስ ነበር) ምላሱ ደነዘዘ። ከዛ ኒልስ ሎፍግሬን የሚባል ሌላ ስዊድናዊ ነገሩን ይዞ ብዙ ነገር ሞክሮ በ1943 ሊዶኬይን ላይ ደረሰ። ጥርስ ሲነቀል ወይ ቁስል ሲሰፋ የሚወጉት ማደንዘዣ እሱ ነው። ሊዶኬይን ገብስ ውስጥ የለም፣ ገብስ በልቶም የደነዘዘ ሰው የለም፣ ተክሉ የሰጠው ፍንጩን ነው።

በርበሬ ያቃጥላል እንጂ እንዴት ሕመም ያስታግሳል?

የካፕሳይሲን ነገር ትንሽ ግራ ያጋባል። ነርቮቻችን ጫፍ ላይ ሙቀት የሚለይ ተቀባይ አለ፣ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በላይ የሆነ ነገር ሲነካን «ተቃጠልኩ» ብሎ መልእክት ይልካል። ካፕሳይሲን ያንኑ ተቀባይ ይነካዋል። ሚጥሚጣ አፋችሁን ሲያቃጥላችሁ በእውነት የተቃጠለ ነገር የለም፣ ነርቩ ነው የተታለለው። ይሄን ተቀባይ በ1997 ያገኘው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው፣ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ወሰደ።

ማስታገሻ የሚሆነው ታዲያ መቼ ነው? ተቀባዩ በኃይልና ለረጅም ሰዓት ሲነካ ነርቩ ምላሽ መስጠት ያቆማል፣ ጫፉም ለጊዜው ይሰበሰባል፣ ተመልሶ እስኪያድግ ሳምንታት ይወስዳል። አባዶ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ታክሲው ግን የለም። ለዚህ ነው ካፕሳይሲን ያለው ክሬም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጠው፣ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ፕላስተር ደሞ አልማዝ ባለጭራ ከለቀቀ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም በሐኪም የሚለጠፈው። ሐኪሙ ራሱ ጓንት አድርጎ ነው የሚለጥፈው። ቤት ያለውን በርበሬ በቅባት ለውሶ ጉልበት ላይ መቀባት ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ምን ያህል እንዳለበት አይታወቅም፣ ቆዳ ያቆስላል፣ በዛው እጅ ዓይን ከተነካ ደሞ የዛን ቀን ጉልበታችሁን ትረሱታላችሁ።

አራት ኪሎ በር ላይ የሚሠራውስ?

እሱ ሞርፊን ነው። ኦፒየም ፖፒ ከሚባለው ባለአበባ ተክል፣ ካልበሰለ ፍሬው ከሚወጣ ወተት ነው የሚገኘው። ፍሪድሪክ ሰርቱርነር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ፋርማሲስት በ1800ዎቹ መጀመሪያ ለብቻው አወጣው፣ ከተክል ወጥተው በንጹሁ ከተገኙ መድኃኒቶች ቀዳሚው ነው ይባላል። የሚሠራው መገናኛና አራት ኪሎ ላይ ነው፣ መልእክቱ ቢመጣም አይሳፈርም፣ ቢደርስም አይሰማም።

ለምን አንጎላችን ለአንድ አበባ ወተት ተቀባይ ኖረው? ለአበባው አይደለም። በ1975 ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ሰውነታችን ራሱ እንደ ሞርፊን የሚሠሩ ነገሮችን እንደሚያመርት አሳዩ፣ ኢንዶርፊን ስትሉ የምትሰሙት የዚሁ ቤተሰብ ነው። ተክሉ በአጋጣሚ ከኛው ነገር ጋር የሚመሳሰል ሠራ። ግን እነዛው ተቀባዮች ትንፋሽንም ይቆጣጠራሉ፣ ስለዚ መጠን ያለፈ ሞርፊን ትንፋሽ ያቆማል፣ ሲደጋገም ደሞ ሱስ ይሆናል። ለካንሰር ሕመም ግን አሁንም ዋናው እሱ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

እሺ የኛዎቹስ፣ ዳማከሴና ድንገተኛ ተጠንተዋል?

ተጠንተዋል፣ ግን የት ድረስ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ድንገተኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። ጉሊት ላይ ስትጠይቁ «ለቁርጠት ነው ልጄ፣ ትንሽ ቆርጠሽ አኝከሽ ውሃውን መዋጥ ነው» ይላሉ እማማ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከሥሩ አይሶፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን አውጥተዋል፣ በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራም ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ፣ የአንጀት ጡንቻንም እንደሚያፍታታ ታይቷል። የመጨረሻው ነገር ከማኘኩ ጋር ይገጥማል፣ ቁርጠት ማለት አንጀት ሲኮማተር ነው፣ ሲፈታ ሕመሙ ይተዋል። ዳማከሴም እንደዛው፣ የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳት በተደረገባቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳቱን ቀንሷል።

የአይጥ ሙከራው እንዴት እንደሆነ ብታውቁት ጥሩ ነው። አንዱ ዓይነት ላይ በጣም የቀጠነ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው) ሆዷ ውስጥ ይሰጣትና ስንት ጊዜ እንደምትኮማተር ይቆጠራል። ሌላው ላይ የሞቀ ብረት ላይ ትቀመጥና እግሯን እስክትልስ ስንት ሰከንድ እንደቆየች ይለካል። የመጀመሪያው በአብዛኛው አባዶ ላይ የሚሠራ ማስታገሻን ያሳያል፣ ሁለተኛው አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራውን። አንድ ተክል መኮማተሩን ቀንሶ የሞቀው ብረት ላይ ምንም ካላሳየ፣ እንደ አስፕሪን እንጂ እንደ ሞርፊን አይደለም ማለት ነው። ቀላል ነገር ነው ግን ብዙ ይናገራል።

የማይናገረው ደሞ አለ። አይጧ የወሰደችው ላብ ውስጥ የተጨመቀ ነው፣ ለክብደቷ የተመዘነ ነው፣ እኛ ደሞ የምንጠጣው በእጅ ታሽቶ ቡና ውስጥ የተጨመቀ ነው። በአይጥ ላይ ያለፉ ብዙ ነገሮች ሰው ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ። ሰው ላይ ለማወቅ ሁለት ቡድን ያስፈልጋል፣ አንዱ እውነተኛውን የሚወስድ፣ አንዱ መልኩም ጣዕሙም ያንኑ የሚመስል ባዶ ነገር የሚወስድ፣ ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ። ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ ካላችሁ፣ ምች የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ በራሱ ነው የሚለቀው፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ለምሳሌ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ ዳማከሴ ብትጠጡም ባትጠጡም ይደርቃል። በሦስተኛው ቀን የጠጡት ነገር ሁሌም ያዳነ ይመስላል።

ሌላም አለ። በ1978 አሜሪካ ውስጥ ጥርስ የተነቀሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ባዶ መድኃኒት የተሰጣቸው አንዳንዶቹ በእውነት ሕመማቸው ቀነሰ፣ ከዛ የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰ። ማለትም እምነቱ ራሱ አራት ኪሎ ላይ ያለውን የራሳችንን ማስታገሻ አስለቅቆ ነበር። እናት በእጇ አሽታ፣ «ጠጣ፣ ላብ ላብ ሲልህ ይለቅሃል» ብላ፣ ጋቢ አልብሳ የምትሰጠው ነገር ውስጥ ይሄም አለበት። ማቃለሌ አይደለም፣ ሕመሙ የምር ነው የሚቀንሰው። ግን ቫይረሱን ወይ ባክቴሪያውን አይነካውም።

የመድኃኒት ተክሎችን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የተፈጥሮ ከሆነ እንዴት ይጎዳል?

እዚሁ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል፣ የግንባታ አፈር የተደፋበት ቦታ ሁሉ ላይ አስተናግር ይበቅላል፣ ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። ጭሱን ለጥርስ ሕመም የሚታጠኑ ሰዎች አሉ። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። እነዚህ በሐኪም እጅ መድኃኒት ናቸው፣ ፋርማሲ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ ራሱ ከስኮፖላሚን የተሠራ ነው። ልዩነቱ ክኒኑ ላይ በሚሊግራም ተጽፏል፣ አስተናግሩ ላይ ግን አንድ አጥር ሥር ያሉ ሁለት ተክሎች እንኳ እኩል የላቸውም፣ ፍሬና ቅጠሉም አይመሳሰልም። ሲያልፍ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሰውየው የሌለ ነገር እያየ ይቀባጥራል፣ ሊሞትም ይችላል። ልጆቻችሁ ፍሬውን እንዳይጫወቱበት ንገሯቸው።

ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ጣል ማድረግና ጨምቆ መጠጣት አንድ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ጭማቂውን መጠጣት የለባትም። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ደሞ እንደ ቃጠሎ ሊያብጥና ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

ከተክሉ ያልመጣ ነገር ተክሉ ውስጥ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። በ2013 ተመራማሪዎች ሰሜን ካሜሩን ውስጥ ሰዉ ለሕመም በሚጠቀምበት አንድ ዛፍ ሥር ላይ ትራማዶል አገኘን አሉ። ትራማዶል ፋብሪካ የሚሠራው ጠንካራ ማስታገሻ ነው፣ «ዛፍም ይሠራዋል» ተባለና ወሬው ዓለምን ዞረ። በ2014 ሌላ ቡድን ሄዶ ሲያይ ገበሬዎቹ ትራማዶሉን ራሳቸውም ይወስዱታል፣ ለከብቶቻቸውም ይሰጡታል፣ በሽንት ወጥቶ አፈርና ውሃው ውስጥ ገብቶ ነው ዛፉ የመጠጠው። ከዚህ የባሰው ደሞ ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው፣ በተለያዩ አገሮች «ንጹህ ዕፅዋት» ተብለው በዱቄትና በካፕሱል የተሸጡ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ሲመረመሩ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። ስለዚ የማታውቁት ሰው ያዘጋጀው ዱቄት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተአምር ከሠራ ደስ ከማለት በፊት መጠርጠር ነው የሚሻለው፣ በተለይ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለበት ሰው።

ታዲያ የሚጠቀም ሰው ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት ሆድ። ድንገት ጀምሮ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ በተለይ ከእምብርት ተነስቶ ወደ ቀኝ ታች የሚወርድ፣ ከትኩሳትና ከማስመለስ ጋር ከሆነ፣ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ማኘክ ሰዓት ያስበላል፣ ከዚህ ሰፈር ደሞ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ራሱ ሌላ ሰዓት ይበላል። አንገት የሚያደርቅ የራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የሕፃን ትኩሳት፣ ከወባ አካባቢ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ እነዚህም እንደዛው ቀጥታ ወደ ሕክምና ናቸው። ትኩሳት ላለው ልጅ አስፕሪንም ቢሆን አይሰጥም፣ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት (ዋርፋሪን ወይ አስፕሪን) የምትወስዱ ከሆነ ዝንጅብልም ነጭ ሽንኩርትም ምግብ ውስጥ ችግር የላቸውም፣ ለመድኃኒት ብላችሁ በብዛት ጨምቃችሁ ስትጠጡ ግን መድማት ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ኦፕራሲዮን ካለባችሁ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ፓራሲታሞልና የዕፅዋት ዱቄት አብራችሁ ስትወስዱ ደሞ ዱቄቱ ውስጥ ፓራሲታሞል ተደብቆ ሊሆን ይችላል፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን በላይ ካለፈ ጉበት ይመታል፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይ ጉበቱ የታመመ ሰው ደሞ ከዛም ባነሰ።

ሐኪሙ «ሌላ የወሰድከው ነገር አለ?» ሲል ብዙ ሰው ያፍርና «የለም» ይላል፣ አንዳንድ ሐኪም ይቆጣል፣ እሱም እውነት ነው። ቢቆጣም ንገሩት። አንድ ሰው ቅጠል ወይ ሥር ወስዶ ካመመው ስሙን ብቻ አትንገሩ፣ አንዱ ስም ባሌና ጎጃም ላይ ሁለት ሌላ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል፣ የተረፈውን ተክል ራሱን፣ እሱ ከሌለ ዱቄቱን ከነላስቲኩ ይዛችሁ ሂዱ።